ፍሬኑ ኮምቦልቻ ይሠራል

ዘይኑልአቢዲን አምስተኛ ደረጃ መንጃ ፈቃዱን ካወጣ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል፤ ከባድ መኪና ግን ከማሰልጠኛ ከወጣ ወዲህ አንድ ቀን አልጨበጠም። መንጃ ፈቃዱን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ደሴ ውስጥ ያልረገጠው የጭነት መኪና ባለቤት ደጃፍ የለም። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ልምድ አለህ ወይ ይሉታል። የለኝም ሲል ልምድ ስታገኝ ና ይሉታል። እስቲ አሁን ይህን ልምድ የሚሉትን ነገር ከየት ያምጣው? ሰኞ ገበያ ወጥቶ በጣሳ ያስሰፍር? መሪ ሳይሰጡት መሪ የለመደ ሰው በየትኛው አገር አለ? ይህን ባሰበ ቁጥር ቆሽቱ ያራል፤ ሌት ተቀን የሚያስበውም ይህንኑ ነው።

አባቱ ገራዶ ገበሬ ናቸው። ልጄ ከባድ መኪና ሊነዳ ነው ብለው ለአገሩ ሁሉ ካወሩ ቆይተዋል። አሁን አሁን ሰው ሲጠይቃቸው ኢንሻአላህ ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ዘይኑም የአባቱን ኢንሻአላህ ላለመስማት ሲል ገራዶ መሄዱን ትቷል።

እንግዲህ በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ አቶ ብሩ የሚባሉ ሰው አስጠሩት። አቶ ብሩ በሸዋ በር በኩል ሰፊ ግቢና ሦስት ባለተሳቢ መኪና ያላቸው ሰው ናቸው። አሰብ ከተዘጋ ወዲህ የወሎ ጭነት ሁሉ በኮምቦልቻ ወርዶ፣ በባቲ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ነው የሚሄደው፤ የእሳቸውም እንደዚያው። አንደኛው መኪና አራት መቶ ኩንታል ባቄላ ተጭኖበት ቆሟል። ሹፌሩ አሞኛል ብሎ ቁልፉን አስረክቦ አገሩ ገብቷል። ነገ በጠዋት ና፣ ይዘኸው ትወርዳለህ አሉት። ዘይኑ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ያ ሹፌር ምን እንዳመመው መጠየቅ ነበረበት፤ ግን ዓመት ከሁለት ወር የለመነ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው ደረሰ። ቁልፉን ተቀበለ፤ ጋቢናው ውስጥ ግን አልገባም። ማሰልጠኛ እንደተማረው መጀመሪያ ጋዜጣ አንጥፎ ከመኪናው ሥር ገባ። የፊተኛው ደህና ነው። ወደ ተሳቢው ተሳበ። እዚያ ያየውን ነገር ማመን አቅቶት በእጁ ዳሰሰው። ወደ ፍሬን የሚሄደው የንፋስ ቱቦ እንደ ገመድ ታጥፎ በሽቦ ታስሯል። አንዱ ብቻ አይደለም፤ በአራቱም በኩል እንደዚያው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የከባድ መኪና ፍሬን የሚይዘው በንፋስ ነው። ቱቦው ከታሰረ ንፋስ አይደርስም፤ ንፋስ ካልደረሰ ፍሬን የለም። ግማሹን ጭነት የተሸከመ ተሳቢ አንድም ፍሬን ሳይኖረው የፊተኛውን ከኋላ እየገፋ ሐረጎን ሊወርድ ነው ማለት ነው። ሐረጎን ደግሞ የማያውቅ ወሎዬ የለም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ያ ቁልቁለት ስንቱን እንደበላ የሚቆጥር ቢኖር ቁጥሩ ያልቅበታል።

ዘይኑ ከሥር ወጥቶ ልብሱን እንኳ ሳያራግፍ የግቢውን መካኒክ ጠየቀው። መካኒኩ ፊቱን ወደ ሌላ መልሶ፣ የተሳቢው ፍሬን ንፋስ ስለሚያፈስ ነው ያሰርኩት አለ። አቶ ብሩ ከቢሯቸው ብቅ ብለው ምንድን ነው ጫጫታው አሉ። ዘይኑ በትሕትና ነገራቸው። እሳቸው ለመስማት እንኳ አልቆሙም።

«አውቃለሁ። ፍሬኑ ኮምቦልቻ ይሠራል። ዕቃው ያለው እዚያ ነው» አሉ።

እናንተ፣ ይህን ነገር ሰማችሁልኝ? ፍሬኑ የሚሠራው ከቁልቁለቱ በታች ነው! ፍሬን ለማሠራት ያለ ፍሬን ሐረጎን መውረድ! ሰው ጥርሱን ለማስነቀል አንገቱን አስቀድሞ ይቆርጣል? ዘይኑ ግን ይህን ሁሉ አላለም።  ጋሼ፣ እኔ አሁን በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርጄ ዕቃውን ላምጣ፣ ከመካኒኩ ጋር ሆነን እንገጥመዋለን፣ ነገ ጠዋት እወርዳለሁ አላቸው። ግማሽ ቀን ነው የለመናቸው። ግማሽ ቀን!

አቶ ብሩ ግማሽ ቀን አጥተው አይደለም። ያልተዋጠላቸው ነገር፣ ትናንት ደጃቸው ላይ ቆሞ ሲለምን የነበረ ልጅ ዛሬ ይሠራ አይሠራ ማለቱ ነው። በሰው ፊት፣ በጫኝ አውራጅ ፊት። ሃያ ዓመት መኪና ሳሠራ ሹፌር አላዘዘኝም፤ ማሰልጠኛ ያስተማሩህ መንዳት ነው ወይስ ፍርሃት? አሉ። ጫኞቹ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

ዘይኑ ቁልፉን ሲመልስ እጁ ተንቀጠቀጠ። ከፍርሃት አልነበረም፤ ከንዴት ነው። ሰው ግን የተንቀጠቀጠ እጅ ካየ ፈሪ ነው ይላል፤ የንዴትን መንቀጥቀጥ ለይቶ የሚያይ ማን አለ? ከግቢው ሲወጣ አንዱ ጫኝ ከኋላው አፏጨበት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። አላበቃም። ስድስት ሰዓት ሳይሆን ወሬው ደረሰው፤ አቶ ብሩ መኪናውን ለአቤ ሰጥተውታል።

አቤ የዘይኑ ጓደኛ ነው፤ ጓደኛ የሚለው ቃል ቢያንስ እንጂ አይበዛም። ኮምቦልቻ ሲሠለጥኑ አንድ ክፍል ተከራይተው አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የእስላም ነውና ሥጋ ካልሆነ በቀር ማዕዳቸው አንድ ነበር። ፈተናውንም ባንድ ቀን አለፉ። አቤም እንደ ዘይኑ ዓመት ከሁለት ወር መንጃ ፈቃድ ይዞ ደጅ ጠንቷል።

ዘይኑ እየሮጠ ግቢው ሲደርስ አቤ ጋቢናው ላይ ተንጠልጥሎ መስታወት ይወለውላል። ፊቱ በርቷል። ዘይኑ ጎትቶ አወረደው፤ አንገቱን ደፍቆ ከተሳቢው ሥር አስገባውና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አሳየው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። የበሬው ነገር ይሻላል፣ ገደሉን አላየም። አቤ ግን አየው። ቱቦውን በጣቱ ነክቶ፣ ሽቦውን አገላብጦ አየው። ከሥር ወጥቶ ጉልበቱን አራግፎ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ አለ። ዘይኑን እንደ እሳት ያነደደው ይኸ ነው። ማርሽ ብቻውን ያን ሁሉ ጭነት እንደማይዝ አንድ አስተማሪ ነው ያስተማራቸው፣ አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው።

ተጨቃጨቁ። አቤ በመጨረሻ፣ አንተ እምቢ ስላልክ እኔም እምቢ ልበል? ዕድልህን ራስህ ጥለህ የእኔን ልትጥልብኝ ነው? አለው። ቀጥሎም ምቀኝነት የሚለውን ቃል ተናገረ።  የዘይኑ ደም ፈልቶ ዓይኑ እያየ አይደለም። ዘወር ብሎ ወጣና ቁልቁል ወደ መናኸሪያው ገሰገሰ።

የአቤ እናት እማማ ወለተ ማርያም መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ይሸጣሉ። ታላቁን ልጃቸውን የባድመ ጦርነት ወስዶባቸዋል፤ የቀራቸው አቤ ነው። ዘይኑ የሚሠራውን አጥቶት አይደለም። የጎልማሳ እናት ሥራ ቦታ ድረስ ጠርቶ ማምጣት በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወንድን በአደባባይ ሱሪውን ማስወለቅ ነው። አውቆ ነው የሄደው። ከፊሉ ለአቤ ነፍስ ሳስቶ፣ ከፊሉ ምቀኛ በመባሉ አንጀቱ አሮ፤ የትኛው እንደሚበዛ እሱም ራሱ ለይቶ አያውቅም።

እማማ ወለተ ማርያም ነገሩን ሰምተው አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ቆሏቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው ነጠላቸውን አደገደጉ። ሸዋ በር ሲደርሱ የግቢው በር ተከፍቶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ መኪናው አፍንጫውን ወደ መንገዱ አውጥቷል። ሴትዮዋ ሄደው ፊቱ ቆሙ። አቶ ብሩ ጮኹ፤ ጫኞቹ እማማ ገለል በሉ አሉ፤ እሳቸው የሚያዩት ጋቢናውን ብቻ ነበር።

«አቤ፣ ወንድምህን መኪና ላይ ሲጭኑት እልል ብዬ ነው የሸኘሁት» አሉ። «አንተን አልሸኝም። ይህን መኪና ይዘህ ከዚህ በር ከወጣህ፣ በጠባኸው ጡት ገዝቼሃለሁ፣ ብሞት እንዳትቀብረኝ።»

 እንኳን የክርስቲያን ልጅ አቤ፣ ማንም ቢሆን የዚህን ግዝት አጥር አይዘልም። አቤ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ቁልፉን ለአቶ ብሩ ሰጠ። አቶ ብሩ ሁለቱም ከዛሬ ጀምሮ በደሴ ከተማ መሪ እንደማይጨብጡ፣ እሳቸው እያሉ ማንም ባለመኪና እንደማያስጠጋቸው ተናገሩ። ሰውዬው ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። አቤ ይህን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማና ወደ በሩ ሄደ። ዘይኑ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«እኔ ብሆን እናትህን አልጠራብህም ነበር» አለው።

ወደ እናቱም ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ።

ዘይኑ በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ብቻ ያጽናናው ነበር። ሁለት ሹፌር እምቢ ያለውን መኪና አቶ ብሩ ሳይወዱ በግድ ያሠሩታል ብሎ ነበር። የዋህ! በማግስቱ ጠዋት ሰውዬው ጋሽ ጀላል የሚባሉትን ሹፌር ከኮምቦልቻ ማዶ፣ ከደጋን አስመጡ። ጋሽ ጀላል ከስልሳ ያለፉ፣ የአሰብን መንገድ ሠላሳ ዓመት የነዱ፣ መሪ ከተዉ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። አቤ ቤቱ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ዘይኑ ግን ይህን ሲሰማ መቀመጥ አልቻለም። ከደሴ መውጫ፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ጭነት የያዘ መኪና ሁሉ ቆሞ ጎማውን የሚያይበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሄዶ ጠበቀ።

አራት ሰዓት ላይ መኪናው መጥቶ ቆመ። ጋሽ ጀላል ወርደው ድንጋይ ከጎማው ሥር ከተቱና ዙሪያውን ተመለከቱ። ዘይኑ ቀርቦ ስለ ሽቦው ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት፣ አይቼዋለሁ ብለው አቋረጡት። እኛ ፍሬን ያለው መኪና መች ነድተን እናውቅና አሉት፤ ይህንን ሲሉም ሳቁ። የዘይኑ ንዴት ገነፈለ። እንግዲያው ገዳዩ እርስዎ ነዎት አላቸው፤ አዎ፣ ሽማግሌን እንዲህ ብሎ ተናገረ። እርስዎ እምቢ ቢሉ ኖሮ ይሠራ ነበር፤ እናንተ ፍሬን የሌለው ስለነዳችሁ ነው እኛ ፍሬን ስንጠይቅ ፈሪ የምንባለው አላቸው።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጡለት ይሻለው ነበር። የቤታቸውን ነገር፣ ልጆቻቸውን፣ ከደጋን ያመጣቸውን ችግር ባጭሩ ነገሩት። ከዚያ እንዲህ አሉት፦

«የአቤ እናት መጥታ ገዘተችው። እኔን ማን ይገዝተኛል ልጄ? በል አፉ በለኝ። የሰው ቂም ይዤ ቁልቁለት አልወርድም።»

የዚህ መንገድ ሹፌር ወጉ ይህ ነው። የተጣላውን ሰው አፉ ሳያስብል፣ ይቅር ሳያስብል፣ ሐረጎን አይጀምርም። ቢያስፈልግ መኪናውን አቁሞ በሚኒባስ ተመልሶ ያስብላል እንጂ። ዘይኑ አፉ ብያለሁ አለ። ከዚያ ሽማግሌው ዱአ አድርግልኝ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ዘይኑም ዘረጋ። ያ ረቢ በሰላም አድርሳቸው አለ። አሚን አሉ። አሚን አለ። ከንፈሩ አለው፤ ውስጡ ግን ምንም አልነበረም። አብሽር፣ አይዞህ ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ጋቢናው ላይ ወጡ።

መኪናው ተነሣ። ተሳቢው ከኋላ እየተንገጫገጨ፣ እየገፋ፣ መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ደርሶ ተሰወረ። ዘይኑ ጆሮውን አቁሞ ብዙ ቆመ። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፣ ሌላ ጥምዝ ላይ ደግሞ ተሰማ፣ ከዚያ ጠፋ።

ወሬ ቶሎ የሚደርሰው መናኸሪያ ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሚኒባስ ሁሉ የመንገዱን ነገር ይዞ ይመጣል። ዘይኑ ሄዶ እማማ ወለተ ማርያም አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሳቸውም ሊያባርሩት አልሞከሩም። አቤ ትናንት ራቱን፣ ዛሬ ቁርሱን አልነካም፤ እንኳን ሊበላ ቃልም አልሰጠኝም ብለው ነገሩት። 

የመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ። ዘይኑ ተነሥቶ ሾፌሩን፣ ሐረጎ ላይ መንገድ ተዘግቷል? ብሎ ጠየቀው። አልተዘጋም አለው። ሁለተኛው መጣ። የተገለበጠ ነገር አላየህም? አለው። ኧረ ምንም አለው። ሦስተኛውን ሲጠይቅ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ጆሮው ውስጥ ገባ። ጋሽ ጀላል በሰላም ደርሰው ይሆን ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም። ይህን ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ወንበሩን የሚለቅ ሾፌር ባየ ቁጥር ይነሣል።

ስምንት ሰዓት ሲል አራተኛው መጣ። ይህኛው ሾፌር ሳይጠየቅ ነው ያወራው። ጋሽ ጀላል ኮምቦልቻ ገብተው ጋራዥ በር ላይ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ፤ ጎማው ጢስ በጢስ ሆኖ ነበር፣ ግን ሰላም ገቡ አለ። ሰዉ ከበበው። ሹፌር ማለት እንዲህ ነው ተባለ። የዛሬ ልጆች የያዙት ወረቀት ነው ተባለ። አንዱ ዘይኑን አይቶ ለጎኑ ሰው በክንዱ ነካ አደረገለትና ተሳሳቁ። የከተማው ፍርድ በዚያች ደቂቃ አለቀ። ዘይኑ ፈሪ፣ አቤ የእናቱ ልጅ፣ አቶ ብሩ ትክክል። መኪናውም በሰላም ገባ፤ እንግዲህ የዚያን ሽቦ ነገር ለማን ያስረዳ?

አንድ ሽማግሌ ከሞት ተርፏል፤ ዘይኑ ግን ደስ አላለውም። ደስ አለማለቱ ብቻ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር። አዘነ። ሰው እንዳይሞት ብሎ እንጀራውን የጣለ ሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ የሰው ሞት ወሬ ሲጠብቅ ዋለ። ፊቱን ማንም እንዳያይበት ብሎ ከሰዉ ዞረ፤ ሲዞርም ዓይኑ እማማ ወለተ ማርያም ላይ አረፈ።

ሴትዮዋ ዝናብ ሲጥልም ሲያባራም ተመስገን የሚሉ ሰው ናቸው። ጉንፋን ቢለቃቸው ተመስገን፣ ቆሎው ሳይሸጥ ቢመሽም ተመስገን። ያን ጊዜ ግን አላሉም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው የሚኒባሱን ሾፌር ትክ ብለው ያያሉ። ዘይኑ እያያቸው መሆኑን ሲያውቁ ዓይናቸውን ወደ ቆሏቸው መለሱ።

«ቢገለበጥ ኖሮ አቤ ዛሬ ማታ እህሌን ይበላልኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ ያሉትን ራሳቸው ሰሙትና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ዘይኑ ጎናቸው ተቀመጠ። አንድ መንገደኛ መጥቶ የሃምሳ ሳንቲም ቆሎ ጠየቃቸው፤ ሰፍረው ሰጡት።